ዘንዶዋን ያስታመመች

የሺአረግ በአንባቢነቷ የታወቀች ሴት ናት። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ የትራንዚት ቢሮ በጸሐፊነት ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ከጅቡቲ የመጣው መኪና ወረቀቱ እስኪያልቅለት ሾፌሩ በረንዳው ላይ ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል፣ እሷ ከጠረጴዛዋ መሳቢያ መጽሐፍ አውጥታ ታነባለች። አለቃዋ ዒጋል መጀመሪያ መጀመሪያ ይቆጣ ነበር። ሥራዋ አንድም ቀን እንደማይጓደል ሲያይ ተዋት፤ ቆይቶም ለራሱ የሚነበብ ነገር ሲፈልግ እሷን መጠየቅ ጀመረ። «የሺ ጥሩ ነው ካለች ጥሩ ነው፤ ዝም ካለች ጊዜህን አታባክን» ይላል ለሰው።

ከባሏ ከተሰማ ጋር ያገናኛቸውም መጽሐፍ ነው። ተማሪዎች ሳሉ ለገሃር አካባቢ ልብ ወለድ የሚያከራይ ኪዮስክ ነበር። የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ የነበረው ተሰማ፣ እሷ የመለሰችውን መጽሐፍ ሁሉ ተከትሎ ይከራይና ሲጨርስ መንገድ ላይ ያስቆማታል።

«መጨረሻውን አልወደድኩትም» ይላታል።

«አንተ ምን ታውቃለህ» ትለዋለች።

እንዲህ ሲከራከሩ ተዋደዱ፤ ተጋቡ፤ ስምረት የምትባል አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

ተሰማ ሥራው የፋብሪካ መጋዘን ውስጥ፣ ልቡ ግን ድርሰት ላይ ነበር። በትዳራቸው የመጀመሪያ ዓመታት የጻፈውን አጭር ታሪክ ሁሉ ከማንም በፊት የምታነበው የሺአረግ ነበረች። «እዚህ ጋ ዋሽተሃል» ካለችው ያኮርፍና በማግስቱ ይሰርዘዋል። ዘንዶዎች ያሉበትን ረጅሙን ልብ ወለድ ሲጀምር ግን አንድ ገጽ አላሳያትም። «ይሄኛውን ሲያልቅ ነው የምታነቢው» አላት። እሺ አለች። እስኪያልቅ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ተሰማ ከሥራ ይመለሳል፣ ምሳውን ይበላል፣ የኋላውን ክፍል በር ዘግቶ ኮምፒውተሩ ላይ ይተከላል። ጣሪያ ቢያፈስ፣ ስምረት ብትታመም፣ እንግዳ ቢመጣ፣ የሺአረግ አለች።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣው በሰኔ ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተጫኑትን ካርቶኖች ተሰማና ባለባጃጁ ተጋግዘው ሳሎን ደረደሯቸው። ሽፋኑ ላይ ክንፉን የዘረጋ ቀይ ዘንዶ አለ፤ ከሥሩ ከተማ ይነድዳል፤ ከላይ «የዘጠኙ ሸለቆዎች ዘንዶ» ይላል። ከስምንት መቶ ገጽ በላይ ነው። ተሰማ ላቡን እየጠረገ ካርቶኑን በቢላ ከፈተና የመጀመሪያውን ቅጂ ለሚስቱ አቀበላት።

«አንብቢና እንደ ድሮው ንገሪኝ።»

«እንደ ድሮው?»

«እንደ ድሮው። ሳትሳሺልኝ።»

ደስ አላት። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ብሎ አላናገራትም ነበር።

በሰኔ ሙቀት ድሬዳዋ ከምሳ ሰዓት በኋላ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። የሺአረግ ሳሎኑ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግታ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ራሷ አዙራ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ስታነብ እንደ ልማዷ በልቧ ፍርድ ትሰጣለች። ነገሥታቱ በዙ። የሁሉም ስም ስለሚመሳሰል ማን ማንን እንደገደለ ለማወቅ ወደ ኋላ እየገለጠች መፈለግ ነበረባት። ጦርነቱ ሲጀመር ጥሩ ነበር፤ በኋላ ግን አንዱ ከተማ ተቃጥሎ ሳያበቃ ሌላው ይቃጠላል። ዘንዶዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ እሳት ይተፋሉ፤ በዚያ ሁሉ እሳት መሃል ውኃ የሚጠማው አንድ ሰው የለም። «ድሬ ተወልዶ አድጎ ጥም እንዴት ይረሳል?» ብላ ብቻዋን ሳቀች። ይህን እነግረዋለሁ ብላ አሰበች።

ግማሹን ካለፈች በኋላ ግን አንድ ምዕራፍ ላይ ደረሰች።

ሐሩር የሚባለው ወጣት ዘንዶ ጋላቢ ከጦርነቱ ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ዋሻው ውስጥ ያሳደገችው አሮጊት ዘንዶ፣ እመ ፍሕም፣ ግማሽ አካሏ ሰልሎ፣ ዓይኗ ጠፍቶ ተኝታለች። ሐሩር አልፏት መሄድ ሲችል ይቀመጥና ያስታምማታል። ቆዳዋ እንዳይቆስል ሰፊ ቁርበት ከሥሯ አንጥፎ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዞ ቀስ ብሎ ያገላብጣታል። የዋሻውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ይጋርድላታል። ዓይኗን ለብ ባለ የቅጠል ውኃ ያጥብላታል። አልጎርስ ስትለው በጣቱ የታችኛውን ከንፈሯን ጫን ያደርግና አፏን ስትከፍት ያጎርሳታል። ሕመሙ ሲብስባትና ስትቃትት፣ በወጣትነቷ የበረረችባቸውን ሸለቆዎች ስም በተርታ፣ አንድ በአንድ፣ በዝግታ ይጠራላታል። እሷም ትረጋጋለች። በመጨረሻ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጋ «ሐሩር» ትለዋለች፤ «አለሁ» ይላታል፤ ትሞታለች።

የሺአረግ ምዕራፉን ጨርሳ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስቀመጠች። እንባዋ በጆሮ ግንዷ ይወርድ ነበር። ካነበበችው ሁሉ እንደዚህ ያለ ምዕራፍ ብዙ አልገጠማትም። አንድም የተጋነነ ቃል የለው፤ አንድም ውሸት የለው።

ውሸት የሌለበትን ምክንያት ደግሞ ታውቃለች። ያን ሁሉ ያደረገችው እሷ ናት።

ከአራት ዓመት በፊት የተሰማ እናት እማማ ሸዋገነት ስትሮክ መታቸው። ሐኪም ቤት ቆይተው «ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧቸው» ተብለው መጡ። ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፤ ዓይናቸውም ቀስ በቀስ ጠፋ። ተሰማ አንድ ልጃቸው ነው። የመጡ ዕለት አልጋቸው አጠገብ ቆሞ አያቸውና ወጥቶ ሄደ። «እንዲህ ሆና ላያት አልችልም፣ የሺ» አላት። የኋላው ክፍል ገባና በሩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ በራፉ ላይ ቆሞ «እንዴት ዋለች? እንዴት አደረች?» ይላል እንጂ ደፉን አላለፈም።

የሺአረግ ከዒጋል ጋር ተነጋግራ ሥራዋን ግማሽ ቀን አደረገች። አንሶላ አጥፋ ከሥራቸው አንጥፋ ታገላብጣቸዋለች። ለአንድ ሰው ስለሚከብድ፣ ጎረቤቷ ደሄቦ መጋላ ያለውን የጨርቅ ሱቋን ለምሳ ስትዘጋ መጥታ ሌላኛውን ጫፍ ትይዛለች። መስኮቱ ላይ የተነከረ ፎጣ ትሰቅላለች። ዓይናቸውን ለብ ባለ ሻይ ታጥባለች። አጥሚቱን አልቀበል ሲሉ የታችኛውን ከንፈር በጣት ጫን ማድረግን ማንም አላስተማራትም፤ እየሞከረች ያገኘችው ነው።

የባቡር ጣቢያዎቹን ስም የመጥራቱ ነገርም እንዲሁ የመጣ ነው። አንድ ቀን እማማ ሸዋገነት ሕመም በርትቶባቸው ሲቃትቱ፣ የምታደርገው ጠፍቷት፣ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ይነዱት በነበረው ባቡር መንገድ ያሉትን ጣቢያዎች መጥራት ጀመረች። «ሽንሌ...፣ ሐረዋ...፣ አዲጋላ...፣ አይሻ...፣ ደወሌ...።» እማማ ዝም አሉ። ፊታቸው ተፈታ። በግራ እጃቸው እጇን ያዝ አድርገው «እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ» አሏት። ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ ጅቡቲ ደርሰው ይመለሱ ነበር።

የሞቱ ዕለት ከቀትር በኋላ ነበር። «ተሰማ» አሉ። ደግመው «ተሰማ» አሉ። የሺአረግ ወደ ኋላው ክፍል ተጣራች። «ተሰማ! ና፣ ትፈልግሃለች!»

«መጣሁ» አለ ከውስጥ።

«ቶሎ በል!»

«መጣሁ፣ መጣሁ።»

አልመጣም። የመጣው የደሄቦን ጩኸት ሲሰማ ነው።

የሺአረግ ይህን ለማንም አላወራችም። ሰው ፈሪ ይሆናል ብላ ተወችው። ስምረት ያኔ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስለነበረች ለቀብር ነው የደረሰችው፤ ለእሷም «በሰላም አረፈች» ብላ አለፈችው።

በማግስቱ ደሄቦ መጣች። የሺአረግ መጽሐፉን ከፍታ ያን ምዕራፍ ጮክ ብላ አነበበችላት። ደሄቦ አማርኛ እንደ ማንም ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አትወድም። መጀመሪያ ጫቷን እየቀነጠበች በግማሽ ልብ ታዳምጥ ነበር። ማገላበጡ ጋ ሲደርስ እጇ ቆመ።

«ቆይ ቆይ። ይሄ ያንቺ አይደል እንዴ?»

«ስሚ እስኪያልቅ።»

ሸለቆዎቹን መጥራት ሲጀምር ደሄቦ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዘንዶዋ ሞተች፤ የሺአረግም መጽሐፉን ዘጋች።

«ሱብሓነላህ!» አለች ደሄቦ። «ወላሂ እማማ ሸዋገነት ናቸው። ግን እኛ የታለን?»

«የለንም።»

«እንዴት የለንም? አንሶላውን ማን ያዘ?»

«ልጁ ብቻውን ያዘው።»

«ብቻውን!» ደሄቦ ተነስታ ቆመች። «አቦ፣ እኔ ወገቤን እስካሁን ያመኛል! እሱ እኮ አንድ ቀን እንኳ ገብቶ እግራቸውን አልነካም። አንድ ቀን! ታዲያ ይሄን ሁሉ በምን አየው?»

የሺአረግም ስታስብ ያደረችው ይህንኑ ነበር። በምን አየው? በራፉ ላይ ከቆመባቸው ከእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች? ወይስ ማታ ራት ሲበሉ «ዛሬ ምን አረገች?» ብሎ ሲጠይቃት፣ እሷ ደክሟት፣ ልጅ ነው ብላ አዝናለት፣ እናቱን ያገኛት እንዲመስለው ብላ ስትነግረው? ምን እንዳጎረሰቻቸው፣ እንዴት እንዳጎረሰቻቸው ይጠይቃት ነበር። ጣቢያዎቹን ስትነግረው «በየትኛው ቅደም ተከተል?» ብሎ ጠይቋታል። ያኔ ናፍቆት መስሏት ነበር።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ተሰማ ራሱ አነሳው።

«ጨረስሽው?»

«ጨረስኩት።»

እንጀራውን እያጠቀለለ ቆየ። ሊፈራ የሚገባውን ነገር ረስቶ፣ የድሮውን የትችቷን ፍርሃት ብቻ ነው የፈራው። «እሺ፣ ንገሪኛ።»

«ነገሥታቱ በዝተዋል። መሃል ላይ ያለው ጦርነት መቶ ገጽ ቢቀነስ ማንም አይጎዳም።»

«እሱን እኔም ጠርጥሬያለሁ።»

«ውኃ የሚጠማው ሰው የለም።»

ሳቀ። «እውነትሽን ነው! እንዴት ረሳሁት?»

«የእመ ፍሕም ምዕራፍ በጣም ጥሩ ነው። እስከዛሬ ከጻፍከው ሁሉ ይበልጣል።»

ፊቱ በራ። የሺአረግ ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ኪዮስኩ ጋ ያስቆማት የነበረው ልጅ ፊት ነው። መጨከን አቃታት፤ ቢሆንም ተናገረች።

«ተሰማ፣ አንሶላውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ልብ ወለድ እኮ ነው፣ የሺ።»

«አውቃለሁ። ልብ ወለድ ምን እንደሆነ አታስተምረኝ።»

«ሰው ከየት ያመጣል? ካየው፣ ከሰማው ነው የሚጽፈው።»

«ሰማህ። አላየህም።»

ተሰማ እጁን ሳይታጠብ ተነሳና መስኮቱ ጋ ቆመ። ሲናገር ድምፁ ተለወጠ። «መግባት አቃተኝ። ይገባሻል? እግሬ እምቢ አለኝ። ስትጠሪኝ ተነስቼ በሩን ይዤ ነበር። መክፈት አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ገባሁ፤ በምችለው በር ገባሁ። እሷን ያስታመምኩት እዚያ ነው፤ እዚያ ምዕራፍ ውስጥ።»

የሺአረግ ይህን ሲላት ልቧ ራራ። እውነቱን እንደሆነ አወቀች። ለእናቱ ማልቀስ የቻለው በዚያ መንገድ ብቻ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር አልዋጥላት አለ።

«ታዲያ እዚያ ስትገባ እኔን ለምን አስወጣኸኝ?»

ወደ ውጭ አየ። ቆይቶ ዞር አለና «በምረቃው ዕለት በሰው ፊት እናገራለሁ» አላት። «ይህን ምዕራፍ የሺአረግ ባትኖር አልጽፈውም ነበር እላለሁ። እናቴን ያስታመመችው እሷ ናት እላለሁ። ይበቃሻል?»

«ይበቃኛል» አለች። እውነትም ይበቃት ነበር።

ምረቃው በሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዚራ ባለ አንድ አዳራሽ ሆነ። ሰው ጢም ብሎ ሞላ። የፋብሪካው ሰዎች፣ የምድር ባቡር ጡረተኞች፣ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ልጆች፣ ዒጋል ሳይቀር ሽክ ብሎ መጥቷል። የሺአረግ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከደሄቦ ጋር ተቀመጠች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። መድረኩን የሚመራው የአማርኛ መምህሩ ክፍሌ ነበር፤ አንደበቱ የሚጣፍጥ፣ ማይክ ሲይዝ የሚረዝም ሰው።

የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ልጆች የእመ ፍሕምን ምዕራፍ በዜማ አጅበው አነበቡት። አዳራሹ ውስጥ እዚህም እዚያም መሃረብ ወጣ። ከዚያ በኋላ አስተያየት የሰጠው ሁሉ ስለዚያ ምዕራፍ ብቻ ተናገረ። የሺአረግ ታዳምጣለች፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ አንድም ሰው እንደሌለ ገባት። ስለ ነገሥታቱ ያነሳ የለም፤ አንዱ ተናጋሪ ሐሩርን የንጉሥ ልጅ ነው ብሎ ነበር፤ አይደለም።

ከኋላ አንዲት ነጭ የለበሱ አሮጊት እጃቸውን አወጡ። ክፍሌ ማይኩን ወስዶ ሰጣቸው።

«እኔ ማንበብ አልችልም፤ አሁን ነው የሰማሁት» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። እናትህን አስታመሃል አይደል? ያላስታመመ ሰው ይህን አያውቅም። ከንፈር ጫን አድርጎ ማጉረስን ያላጎረሰ አያውቅም።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ተሰማ ዞረ። የሺአረግ ወንበሯ ጫፍ ላይ መጣች። አሁን ነው፣ አለች በልቧ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ተሰማ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንድ ጊዜ ወደ ሚስቱ አየና ወደ አሮጊቷ ተመለሰ።

«እናት ናት» አለ። «ምን ይባላል? እናት ናት።»

አሮጊቷ እልል አሉ። «የእናቱን ምርቃት የጠገበ ልጅ! እንዳንተ ያለውን ያብዛልን!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ደሄቦ የየሺአረግን ክንድ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። «ምን አለ? ምን አለ አሁን?» ትላለች በሹክሹክታ።

ጭብጨባው ሲበርድ ተሰማ ምስጋናውን አነበበ። ማተሚያ ቤቱን፣ ክበቡን፣ የሥራ ባልደረቦቹን አመሰገነ። መጨረሻ ላይ «ውድ ባለቤቴ የሺአረግን ደግሞ፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሻይ ሳታጓድል ስላቀረበችልኝ» አለ። ሰዉ በደስታ ሳቀ።

ክፍሌ ይህን ሰምቶ ማይኩን አነሳ። «እንግዲህ ወይዘሮ የሺአረግ ሻይ ብቻ አይደሉም! በከተማችን ስመ ጥር አንባቢ እንደሆኑ እናውቃለን። እስቲ ስለ መጽሐፉ ያለዎትን አስተያየት ያካፍሉን።»

የሺአረግ ተነሳች። መድረኩ ላይ ስትወጣ ተሰማ ዓይኗን ሊያይ ፈለገ፤ አላየችውም።

«መጽሐፉን ሙሉውን አንብቤዋለሁ» አለች። «ረጅም ነው። ጦርነቱ በዝቷል፤ ከዚያ ብዙው ቢወጣ ይሻል ነበር። የእመ ፍሕም ምዕራፍ ግን ትክክል ነው። ሁሉም ነገር ትክክል ነው። አገላበጡም፣ አጠባውም፣ አጎራረሱም። አንድ ሰው ግን ጎድሏል።»

ወንበሯ ላይ ወዳለችው ደሄቦ አየች።

«ሕመምተኛ በአንሶላ በአንድ ሰው እጅ አይገለበጥም። ሌላኛውን ጫፍ የያዘ ሰው ነበር። ደራሲው ያን ሰው ከዋሻው አስወጥቶታል። ደግሞ መጨረሻው ላይ ስትጠራው «አለሁ» ይላታል። «አለሁ» አላላትም። «መጣሁ» ነው ያላት። ጠራችው፤ «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ፤ አልመጣም። እንደዚያ ቢጻፍ ኖሮ መጽሐፉ ከዚህም ይበልጥ ነበር። አስተያየቴ ይኸው ነው።»

የተሰማ ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ ክፍሌ ማይኩን ነጥቆ «ድንቅ! ድንቅ ሂስ!» አለ። «እንግዲህ ይህ ነው ጥልቅ ንባብ! ወይዘሮ የሺአረግ ምን እያሉን ነው? የጎደለው ሰው እኛ ነን፤ አንባቢው ነው! እመ ፍሕም ሀገር ናት፤ ስትጠራን ሁላችንም «መጣሁ» እንላለን፤ አንመጣም!»

ጭብጨባው ከበፊቱ በረታ። አንድ ጡረተኛ ተነስተው «እውነት ነው!» ብለው ጮኹ። የሺአረግ ማይኩን መልሳ መውሰድ አልቻለችም፤ ቢሰጧትም ምን እንደምትል አታውቅም ነበር። ከመድረኩ ወርዳ ስትሄድ ሰዎች እጇን እየያዙ «እንዴት ያለ አነጋገር ነው!» ይሏታል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የገባት ደሄቦ ብቻ ናት፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

ወደ ቤት የተመለሱት በባጃጅ ነው። ተሰማ ብዙ መንገድ ሳይናገር ቆየ። የሺአረግ ይቆጣኛል ብላ ጠብቃለች፤ ብትጣላውም ደስ ይላታል። የደቻቱን ወንዝ ሲሻገሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«አስደንግጠሽኝ ነበር» አላት። «ደግነቱ ማንም አልገባውም።»

ዞር ብላ አየችው። ፊቱ ላይ ንዴት የለም፤ እፎይታ ነው ያለው።

«ክፍሌ እንዴት አድርጎ እንዳነሳው አየሽ?» ቀጠለ። «ለሬዲዮ ሊያናግሩኝ ሐሙስ ይመጣሉ። አንቺም ብትኖሪ ጥሩ ነው። ያን ነገር እንደዚያው ብትደግሚው።»

«የትኛውን ነገር?»

«ያንን። የጎደለው ሰው ያልሽውን።»

የሺአረግ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። ቤት ሲደርሱ ቀሚሷን ቀየረች፤ ራት አቀረበች፤ ሳህን አጠበች። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ስትሄድ አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች። ከሥራ በኋላ ቤቷ አልተመለሰችም፤ መጋላ ደሄቦ ሱቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ገባች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ከሥር የጨርቅ ተራው ጫጫታ፣ ከጎን የመስጊዱ ድምፅ ይሰማል። ደሄቦ አልጋ አምጥታ ሰጠቻት፤ «እስከፈለግሽ» አለቻት።

ተሰማ ሁለት ጊዜ መጣ። የመጀመሪያውን ጊዜ «በአንድ ምዕራፍ ቤት ይፈርሳል?» አላት። «በምዕራፉ አይደለም» አለችው። ሁለተኛውን ጊዜ «በሁለተኛው እትም መግቢያው ላይ ስምሽን አስገባለሁ» አላት። አቦል ጀባ ልትለው እንኳ አልተነሳችም። «እናትህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትሞተው፣ ተሰማ» አለችው። «ለአሮጊቷ መመለስ የነበረብህም ያኔ ነበር።» ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ከተማው ግን አወራ። መጽሐፉ ተወዶ፣ ተሰማ በሬዲዮ ቀርቦ፣ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ሲመርቀው፣ «ሚስትየው ስሙ ሲነሳ ቀናችበት» ተባለ። «በዘንዶ ተጣሉ» ብለው የሚስቁም ነበሩ። ዒጋል እንኳ አንድ ቀን ጉሮሮውን ጠራርጎ «የሺ፣ ባልሽ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ታረቂው እንጂ» አላት። «ወረቀቱን ፈርምልኝ፤ ሾፌሩ ቸኩሏል» አለችው።

በነሐሴ መጨረሻ ስምረት ደወለች። አሁን ሐዋሳ ሥራ ይዛለች። መጽሐፉ እዚያም ደርሷል።

«እማ፣ አነበብኩት» አለች። ድምፅዋ ያለቀሰች ሰው ድምፅ ነው። «የአያቴን ምዕራፍ። አባዬ እንደዚህ አድርጎ እንዳስታመማት አልነገራችሁኝም እኮ። ደግሞ አንቺ እሱን ትተሽ ወጣሽ ይሉኛል። እንደዚህ ያለ ሰው እንዴት ይተዋል?»

የሺአረግ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለሕዝብ መናገር አንድ ነገር ነው፤ ልጅን ከአባቷ መለየት ሌላ ነው። ዝም ልትል አሰበች። ከዚያ ግን ዝም ካለች ስምረትም እንደ አሮጊቷ ዕድሜዋን ሙሉ እልል እንደምትል ታያት።

«ያስታመምኳት እኔ ነኝ፣ ስምረት» አለች። «እኔና ደሄቦ። አባትሽ በራፉን አላለፈም።»

የሺአረግ በስልኩ ውስጥ ገጽ ሲገለጥ ሰማች።

«ሸለቆዎቹስ?»

«ጣቢያዎቹ ናቸው። ሽንሌ፣ ሐረዋ፣ አዲጋላ። እኔ ነኝ ስጠራላት የነበርኩት።»

«ስትሞትስ?»

«ጠራችው። «መጣሁ» አለ።»

«መጣ?»

«አልመጣም።»

የሺአረግ የልጇን ትንፋሽ ትሰማለች።

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«አባትሽን እንድትጠዪው አልፈለግኩም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አልፈልግም። አንቺ ግን እንድታውቂ ፈለግኩ። የሚያውቅ አንድ ሰው ከቤታችን ይኑር።»

ስምረት አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። ምን ማለት እንዳለባት እንደጠፋት ያስታውቃል። በመጨረሻ፣ እያፈረች፣ «ግን እኮ እማ... ምዕራፉ ጥሩ ነው» አለች።

«ጥሩ ነው» አለች የሺአረግ። «መጥፎ ቢሆን ኖሮ ስቄበት እቀመጥ ነበር።»